የትኛውን አድቬንቸር ጌም ልጀምር? እንደ አቸካከላችሁ ነው

«አድቬንቸር ጌም ድሮ ቀረ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል። የሚገርመው፣ ይህን የሚለው ሰው ትናንት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አፍጥጦ የተጫወተው ራሱ አድቬንቸር ነው። ስሙን ስላላወቀው ነው እንጂ።

ስሙ አሳሳች ነው። አንዱ «አድቬንቸር» ሲባል በማውስ እየጠቆመ ገመድና ቁልፍ የሚለቅም የባሕር ወንበዴ ይታየዋል። ሌላው ገደል ላይ የተንጠለጠለችው የ«ቱም ሬደር» ጀግና ላራ ክሮፍት ትታየዋለች። ሦስተኛው ደግሞ «ንገራት» እና «ዝም በል» ከሚሉ ሁለት ምርጫዎች መሃል ጭንቅላቱን ይዞ የቀረበትን ምሽት ያስታውሳል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ቤተሰቡ አንድ ነበር፤ ከዚያ ተበታተነ።

ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ስትቸከል ምን ትሆናለህ?» አድቬንቸር ጌም ሲጨመቅ መንገድ የሚዘጋ ነገር ነው። ልዩነቱ አዘጋጉ ላይ ነው። አንዱ ቁልፉን ይደብቅባችኋል። ሌላው ቁልፉን ሰጥቶ «ማንን ታድናላችሁ?» እያለ ያስጨንቃችኋል። አንዱ ጣታችሁን ይፈትናል። አንዱ ደግሞ በሩን ክፍት ትቶ፣ ያያችሁት ነገር እስኪገባችሁ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ግራፊክሱንና የስሙን ዝና ትታችሁ በዚህ ብትመርጡ ገንዘባችሁም ጊዜያችሁም አይባክንም።

ከዋሻ እስከ ድመት ፀጉር

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1976 ዊል ክራውዘር የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነበር። ዋሻ ውስጥ መግባት የሚወድ ሰው ነው፤ ኬንታኪ ውስጥ ያለውን የማሞዝ ዋሻ ካርታ ሲሠሩ ከነበሩት አንዱ ነው። ከሚስቱ ከተለያየ በኋላ ለሴት ልጆቹ ብሎ ያንን ዋሻ በጽሑፍ ብቻ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው። ስዕል የለም፣ ድምፅ የለም። «ወደ ሰሜን ሂድ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ማሽኑ የደረሳችሁበትን ቦታ ይተርክላችኋል። በ1977 ዶን ዉድስ የሚባል ሌላ ፕሮግራመር ሀብትና አስማት ጨመረበት። የጌሙ ስም «አድቬንቸር» ነበር። ዘሩ በሙሉ የአያቱን ስም እንደያዘ ቀረ።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶች «ዞርክ»ን፣ እሱንም በጽሑፍ ብቻ፣ ሠሩ። በ1980 ሮበርታ ዊልያምስ ከባለቤቷ ከኬን ጋር በ«ሚስትሪ ሃውስ» ስዕል አመጣች። በ1984 በ«ኪንግስ ክዌስት» ባለታሪኩ ስክሪኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። በ1987 ደግሞ ሮን ጊልበርትና የሥራ ባልደረቦቹ «ማኒያክ ማንሽን» ላይ መጻፉን አስቀሩት። «ክፈት»፣ «ስጥ»፣ «ሳብ» የሚሉት ቃላት ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ፤ የእናንተ ሥራ መጫን ብቻ ሆነ።

በ1993 «ሚስት» ወጣ። (ስሙ ከትዳር ጋር ግንኙነት የለውም፤ ከምስጢር የተወለደ ነው።) ወንድማማቾቹ ራንድና ሮቢን ሚለር ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ጥለዋችሁ ይሄዳሉ። የሚያስረዳችሁ የለም። ከ6 ሚሊዮን በላይ ኮፒ ተሸጠ፤ በ2002 «ዘ ሲምስ» እስኪቀድመው ድረስ በሽያጭ የሚስተካከለው የኮምፒውተር ጌም አልነበረም።

በዚያው በ1993 ግን «ዱም» መጣ። መሮጥ፣ መተኮስ፣ ሦስት አቅጣጫ ያለው ዓለም። ገንዘቡም ወሬውም ቀስ በቀስ ወደዚያ ዞረ። አድቬንቸር ደግሞ ርካሽ ሥራ አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ይሣላል፣ እያንዳንዱ ንግግር ይቀረጻል፣ ተጫዋቹ ግን አንዴ አልፎት ይሄዳል። በ1998 የወጣው የቲም ሼፈር «ግሪም ፋንዳንጎ» ሃያሲዎችን ሲያስጨበጭብ ገበያው ላይ የታሰበውን ያህል አልሄደም።

ጥፋቱን በሙሉ «ዱም» ላይ የሚከምሩ ሰዎች ግን አይስማሙኝም። በ1999 የወጣውን «ጌብርኤል ናይት 3» ተመልከቱ። ባለታሪኩ ሞተር ሳይክል ለመከራየት ሞስሊ የሚባለውን ጓደኛውን መስሎ መቅረብ አለበት። ምን ያደርጋል? አንዲት ድመት የምትሾልክበት ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ይለጥፋል። ድመቷ ስትሾልክ ፀጉሯ ይቀራል። ፀጉሩን በሽሮፕ አጣብቆ ሪዝ ይሠራል። እሺ፣ ይሁን። ግን ሞስሊ ሪዝ የለውም! ስለዚህ የሞስሊ ፓስፖርት ላይ ሪዝ ይሣልበታል። እዚህ ጋ የተቸከለ ሰው ደደብ ስለሆነ አይደለም። ጌሙን የሠራው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ስላልነበረ ነው።

ዕቃ መልቀም የሚወድ ሰው

ፖይንት ኤንድ ክሊክ የሚባለው ይኼ ነው። ዕቃ ትለቅማላችሁ፣ ታጣምራላችሁ፣ ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ ታናግራላችሁ። የሚመቸው ሲቸከል ተነስቶ ሌላ ሥራ ለሚሠራና መልሱ ልብስ ሲያጥብ ብልጭ ለሚልለት ሰው ነው። በአሥር ደቂቃ ደሙ ለሚፈላ ሰው አልመክርም።

ከአሮጌዎቹ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ሁለቱን ቤቶች ለዩ። የሲዬራ፣ ማለትም የእነ ሮበርታ ዊልያምስ ድርጅት፣ ጌሞች ጨካኞች ናቸው። በትንሽ ነገር ትሞታላችሁ። ከመሞቱ የባሰው ደግሞ ሳታውቁት መንገድ መዝጋታችሁ ነው። በ1990ው «ኪንግስ ክዌስት 5» አንድ ፓይ ታገኛላችሁ። ባለታሪኩ ሲርበው ያንን ፓይ ቢበላው ጌሙ ምንም አይልም። በኋላ ተራራ ላይ የበረዶ ጭራቅ ይመጣል፤ የሚመለሰው ፓይ ፊቱ ላይ ሲወረወርበት ብቻ ነው። በልታችሁታል እኮ! የቆየ ሴቭ (ቀድማችሁ ያስቀመጣችሁት የጨዋታ ቅጂ) ከሌላችሁ ከመጀመሪያው ነው።

«ማኒያክ ማንሽን»ን የሠሩት የሉካስ ፊልም ሰዎች በሌላ መንገድ ሄዱ። ሮን ጊልበርት በ1989 አድቬንቸር ጌሞች ለምን እንደሚደብሩ አንድ ጽሑፍ ጽፎ ነበር፤ ተጫዋች ለመማር ሲባል መሞት የለበትም ብሎ ተከራከረ። በዓመቱ «ዘ ሲክሬት ኦፍ መንኪ አይላንድ» ወጣ። እዚያ ውስጥ ለመሞት ራሱ ልፋት ይጠይቃል፤ ባለታሪኩን ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ሙሉ ዝም ብላችሁ መተው አለባችሁ። ከድሮዎቹ አንድ ብቻ የምትሞክሩ ከሆነ ከዚህ ወገን ይሁን። በ1993 ወጥቶ በ2016 የታደሰው «ዴይ ኦፍ ዘ ቴንታክል»ም ጥሩ ነው። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ የድሮው ስዕል ከአዲሱ ጋር ይቀያየራል፤ እኔ ከጌሙ እኩል በዚያ ቁልፍ ተጫውቻለሁ። ኦሪጅናሉ ፋይል ኖሯችሁ ኮምፒውተራችሁ አላስነሳ ካለ፣ ስካምቪኤም የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚሁ የተሠራ ነው።

አዲሶቹ ግን ከስህተታቸው ተምረዋል። ይህን የምለው በልምድ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የድሮ ጌም ላይ ሁለት ሳምንት ተቸክዬ፣ ለካ ወለሉ ላይ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ቁልፍ ነበረች። መልሱን አይቼ አልተደሰትኩም፤ ተሰደብኩ ነው የመሰለኝ። በ2022 የወጣው «ሪተርን ቱ መንኪ አይላንድ» ባለታሪኩ ቦርሳ ውስጥ የፍንጭ መጽሐፍ ይዞላችሁ ይመጣል። መጀመሪያ ቀለል ያለ ፍንጭ ይሰጣችኋል፤ ካልገባችሁ ጠንከር ያለ፤ ሙሉ መልሱ መጨረሻ ላይ ነው። አገር ሳትሰጡ ታልፋላችሁ። «ቲምብልዊድ ፓርክ»ም (2017) ስትጀምሩ ቀላሉን ወይም ከባዱን ያስመርጣችኋል።

ቋንቋው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ወይም ከልጅ ጋር ከሆናችሁ «ማሺናሪየም»ን (2009) አስቡበት። የቼኮቹ አማኒታ ዲዛይን የሠሩት ነው። የሚነበብ ንግግር የለውም፤ ትንሹ ሮቦት የሚያስበው ሁሉ በራሱ ላይ በስዕል ይታያል። ይህን ጌም ጠልቶ ያቆመ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

መቸከል ሳይሆን መጨነቅ

ሁለተኛው ወገን የምርጫ ጌም ነው። እንቆቅልሹ የሳሳ ነው፤ አንዳንዴ ጨርሶ የለም። የሚያስቆማችሁ ሕሊናችሁ ነው።

የዚህ ወገን ትልቁ ስም ቴልቴል ነበር። ከሉካስ አርትስ (ያው የሉካስ ፊልም የጌም ቤት ነው) የወጡ ሰዎች በ2004 መሠረቱት። በ2012 «ዘ ዎኪንግ ዴድ»ን በየክፍሉ እንደ ተከታታይ ድራማ ለቀቁ። መልስ ለመምረጥ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ትሰጣላችሁ፤ ዝም ማለትም መልስ ነው። ከዚያ ጥግ ላይ «ይህን ታስታውሳለች» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር የምታስጨንቀውን ያህል ስንት ጭራቅ አያስጨንቅም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙው ምርጫ የይስሙላ ነው። ያዳናችሁት ሰው ሁለት ክፍል ቆይቶ ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ ሲጫወቱት አይታወቅም፤ ሲደግሙት ነው ክሩ የሚታየው። ስለዚህ የቴልቴልን ጌም አንዴ ተጫውታችሁ ተውት። ምርጫችሁ በእርግጥ መንገድ እንዲቀይር ከፈለጋችሁ «ዲትሮይት፦ ቢካም ሂውማን» (2018) ይሻላል። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ በኋላ ያለፋችሁበትንና ያመለጣችሁን መንገድ በካርታ ያሳያችኋል። ጽሑፉ አንዳንድ ቦታ ከበድ ያለ እጅ አለው፤ መዶሻ ይዞ ነው የሚያስተምረው። «ላይፍ ኢዝ ስትሬንጅ» (2015) በተቃራኒው ለስላሳ ነው። ባለታሪኳ ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ ትችላለች። የመረጣችሁትን ሰርዛችሁ ሌላውን ታያላችሁ፤ የሚገርመው፣ ሁለቱንም አይታችሁም አትወስኑም።

እነዚህ ከሰው ጋር ሆኖ ለመጫወት የሚሻሉ ናቸው። አንዱ ኮንትሮለር ይይዛል፣ ሌላው ይጮሃል። ጌም የማይወድ ሰው ጭምር «አይ! እሱን አትመኑት!» ብሎ ሲነሳ ታያላችሁ።

ዳርና ዳር

እንቆቅልሹንም ምርጫውንም አውልቆ የጣለ ወገን አለ። ትራመዳላችሁ፣ ታያላችሁ፣ ትሰማላችሁ። ለማሾፍ «ዎኪንግ ሲሙሌተር» ይሉት ነበር፤ ስሙ እዚያው ተለጥፎ ቀረ። «ጎን ሆም» (2013)፣ «ፋየርዋች» (2016)፣ «ዋት ሪሜይንስ ኦፍ ኢዲት ፊንች» (2017) ከዚህ ወገን ናቸው። የመጨረሻው በአንድ ምሽት ያልቃል፤ አንድ ፊልም ለማየት ከምትሰጡት ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ኮንትሮለር ይዞ ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ የማሲዘው እሱን ነው።

በሌላው ዳር አክሽን አድቬንቸር አለ። «ቱም ሬደር» (1996)፣ «አንቻርትድ»፣ «ዘልዳ»። «አድቬንቸር ሞተ» ሲባል ገንዘቡና ሕዝቡ የተሰደደው ወደዚህ ነው። የ2023ቱ «ዘልዳ፦ ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም» በሦስት ቀን 10 ሚሊዮን ኮፒ ተሸጧል። እንቆቅልሽ አላቸው፤ ብዙዎቹ ግን ትንፋሽ መሰብሰቢያ ናቸው፣ ዋናው ሩጫና ድብድቡ ነው። «ዘልዳ»ን ለይቼ አያለሁ። እሱ ድልድይ ሰብራችሁም፣ ዛፍ ቆርጣችሁም፣ በራሳችሁ ብልሃት ብታልፉ ይፈቅድላችኋል። ጣታችሁ ሲያርፍ ሳይሆን ሲንቀሳቀስ የምትዝናኑ ከሆነ ሌላውን ክፍል ዝለሉትና እዚህ ጀምሩ።

ዕውቀት ራሱ ቁልፍ ሲሆን

አሁን ወደምወደው ደረስን። አድልዎ ካያችሁብኝ ትክክል ናችሁ።

ይህ ወገን የ«ሚስት» የልጅ ልጅ ነው። ዕቃ አትለቅሙም፤ የምትለቅሙት ዕውቀት ነው። «ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን» (2018) ሉካስ ፖፕ ብቻውን ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሠራው ነው። በ1807 አንድ መርከብ ሰው አልባ ሆኖ ይመለሳል። እናንተ የኢንሹራንስ መርማሪ ናችሁ። እጃችሁ ላይ ያለው ሰዓት የሞተ ሰው የሞተባትን ቅጽበት ያሳያል። ሥራችሁ የ60 ሰዎችን ስምና ዕጣ መለየት ነው። ጌሙ ልክ መሆናችሁን የሚነግራችሁ ሦስት ሰው በትክክል ስትሞሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በግምት መግፋት ይከብዳል። አንዱን መርከበኛ በአነጋገሩ ትይዙታላችሁ፣ ሌላውን በተኛበት አልጋ ቁጥር። ሦስቱ ስሞች አንድ ላይ ሲጸድቁ የሚሰማው ደስታ፣ እኔ በበኩሌ ከየትኛውም የጌም ድል አላገኘሁትም።

«አውተር ዋይልድስ» (2019) ከዚህም ይገፋል። ትንሽ የፀሐይ ሥርዓት ውስጥ መንኮራኩር ይዛችሁ ትነሳላችሁ። ከ22 ደቂቃ በኋላ ፀሐይዋ ትፈነዳለች፣ እናንተም ወደ መነሻችሁ ትመለሳላችሁ። ያገኛችሁት መሣሪያ የለም፣ ያደገ ጉልበት የለም። የሚቀጥለው ዙር ላይ የሚለየው እናንተ የምታውቁት ነገር ነው። የመጨረሻው በር መጀመሪያው ቀን ላይም ክፍት ነበር፤ እንዴት እንደሚደረስበት አታውቁም ነበር እንጂ።

የዚህ ወገን ችግር ሁለት ነው። አንደኛ፣ መድገም አይቻልም። አንዴ ካወቃችሁ አለቀ፤ የማስታወስ ችሎታችሁን ማጥፋት አትችሉም። ሁለተኛ፣ ብዙ ይነበባል፣ ደብተርና እስክሪብቶም ያስፈልጋል። በ2025 የወጣው «ብሉ ፕሪንስ» ሦስተኛ ችግር ጨምሯል፤ ዕድል። ክፍሎቹ በየቀኑ በእጣ የሚዘረጉበት ቤት ውስጥ 46ኛውን ክፍል ትፈልጋላችሁ። መልሱን እያወቃችሁ ክፍሉ እንቢ ያለባችሁ ቀን ግድግዳ መምታት ያምራችኋል። እኔ ግን አልተውኩትም።

በሁለት ወገን መሃል የቆመ አንድ ደግሞ አለ። «ዲስኮ ኢሊዚየም» (2019) በስም የሮል ፕሌይ ጌም ነው፤ ባለታሪኩን እናንተ እየቀረጻችሁ የምታሳድጉበት ዓይነት። እንደለመድነው ያለ ውጊያ ግን የለውም፤ ሁሉ ነገር በንግግር ነው፣ ጽሑፉ ከአንድ ሚሊዮን ቃል ይበልጣል። ማንበብ ለሚወድ ሰው ድግስ ነው። ማንበብ ለሚሰለቸው ቅጣት።

ወደፊትስ?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህ ዘር መቀጠሉን ማወቅ ትፈልጉ ይሆናል። በ2012 ቲም ሼፈርና ድርጅቱ ደብል ፋይን ከሕዝብ 400,000 ዶላር ጠየቁ። ከ87,000 በላይ ሰዎች ከ3.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡላቸው። ሁሉም «አድቬንቸር ተነሳ!» አለ። ጌሙ፣ «ብሮክን ኤጅ»፣ ያ ሁሉ ገንዘብ አልበቃ ብሎት በሁለት ክፍል ተቆርጦ ወጣ። ቴልቴል ደግሞ ያለመጠን ሲያብጥ ቆይቶ በ2018 አብዛኛውን ሠራተኛ በአንድ ቀን አሰናበተ። ከሁለቱ የተረዳሁት ይህ ነው፤ ለአድቬንቸር ሰው አለው፣ ግን የ«ዘልዳ»ን ያህል ሰው የለውም። ይህን የሚያውቁ ትንንሽ ቡድኖች ይኖራሉ፤ የዘነጉት ይወድቃሉ። የቴልቴል የቀድሞ ሰዎች በአድሆክ ስም ተሰባስበው በ2025 «ዲስፓች»ን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ክፍል እያሉ ለቀቁ፤ በአጭር ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን ኮፒ በላይ ሸጡ። ስለዚህ የምርጫ ጌም ወዳጆች አትስጉ።

የማልተማመንበት ነገር ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነው። በ2019 የወጣው «ኤአይ ደንጀን» የፈለጋችሁትን ብትጽፉ ታሪኩን ይቀጥልላችኋል። ክራውዘር ጋ የተመለስን ይመስላል፤ ስዕል የለም፣ መጻፍ ብቻ። ግን የ«ዞርክ» ችግር ሁሉን እንቢ ማለቱ ነበር፤ ትክክለኛዋን ቃል ካልጻፋችሁ አይገባውም። የዚህኛው ችግር ተገላቢጦሹ ነው፤ ሁሉን እሺ ይላል። «ኪሴ ውስጥ ቁልፍ አለ» ካላችሁት አለ። የማይዘጋ በር መክፈት ደግሞ አያስደስትም። ሰው ያሰበበት እንቆቅልሽና የማሽን ንግግር ሲጋቡ ምን እንደሚወለድ ለማየት ጓጉቻለሁ፤ እስከዚያው ግን ገንዘቤን እዚያ አላፈስም። በጽሑፍ ብቻ መጫወት የሚስባችሁ ካላችሁ በትዋይን የተሠሩ በርካታ ነፃ ታሪኮች አሉ። ትዋይን ራሱ ነፃ ነው፤ ኮድ የማይችል ሰው የራሱን ታሪክ ሊሠራበት ይችላል።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። «ጎን ሆም»፣ «አውተር ዋይልድስ»ና የመሳሰሉት በባለታሪኩ ዓይን የሚታዩ ናቸው። ጭንቅላታችሁ የሚዞር ወይም የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ናሙና ካለ ሞክሩ። ከስክሪኑ ራቅ ማለትና የዕይታውን ስፋት መጨመር ለብዙ ሰው ይረዳል።

እና የትኛውን? ጌም የማያውቅ ሰው ከጎናችሁ የሚቀመጥ ከሆነ «ኢዲት ፊንች»። ልጅ ካለ «ማሺናሪየም»። ሳቅ ከፈለጋችሁ «ሪተርን ቱ መንኪ አይላንድ»፣ የፍንጩን መጽሐፍ ሳታፍሩ ክፈቱት። ከጓደኞች ጋር ለመጨቃጨቅ «ዲትሮይት»። ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ ደብተር ካላችሁ፣ መቸከልም ካላስፈራችሁ «ኦብራ ዲን»። «አውተር ዋይልድስ»ን የምትመርጡ ከሆነ ግን እዚህ ከጻፍኩት ሌላ ስለሱ አንዲት መስመር አታንብቡ፣ ቪዲዮም አትክፈቱ። እኔም የ22 ደቂቃዋን ነገር በመናገሬ ትንሽ ጸጽቶኛል።